ልጅዎን የሚጥል በሽታ ካመመው የትኛው የአንጎል ምርመራ ይቅደም?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን አስከትላ ወደምሠራበት ክፍል ገባች። በአንድ እጇ ልጁን፣ በሌላው ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዛለች። ፖስታው ውስጥ ሁለት ሲቲ ስካንና አንድ ኤምአርአይ ነበር። ሦስቱም ጤናማ ይላሉ። «ወንድሜ፣ ማሽኑ ሁሉ ምንም የለውም ይለኛል፤ ልጄ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ይፈዝብኛል» አለችኝ። ኤሌክትሮዶቹን፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለቅሙትን ትንንሽ ሽቦዎች፣ ጭንቅላቱ ላይ ለጥፌ ስጨርስ የወረቀት መንኮራኩር ሰጠሁትና እፍ እንዲልባት ነገርኩት። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነፋ። ከዚያ መንኮራኩሯ ቆመች። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ከንፈሩ እንደሞጠሞጠ ነው፣ ልጁ ግን የለም። ስክሪኑን በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሹል ምልክትና ሞገድ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መንፋቱን ቀጠለ።

ፖስታው ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አልዋሹም። አንጎሉ ላይ ዕጢም ጠባሳም የለም። ችግሩ ያለው የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ፣ በትስስራቸው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ሲቲ ስካን መቶ ጊዜ ቢነሣ አያየውም። ቤተሰቡ ለሦስቱ ፎቶዎች ያወጣው ገንዘብ እኔ ጋ ለሚሠራው ምርመራ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

ይህን የምጽፈው ወላጆች ዘወትር «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። እኔ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ የምሠራ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ለራሴ ማሽን እንዳላደላም ጠርጥሩኝ።

ትስስር ሲባል ምን ማለት ነው?

የዕድር ጡሩንባ ያስቡ። ነፊው አንድ ሰው ነው፤ ድምፁ የትኛውን መንገድ ተከትሎ ስንት ቤት እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የሰፈሩ አቀማመጥ ነው። አንዳንዱ ልጅ ላይ ጡሩንባው ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ ይነፋል፤ ለምሳሌ በጆሮ አቅጣጫ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ካለው ሂፖካምፐስ። ሌላው ላይ፣ እንደ ባለመንኮራኩሩ ልጅ፣ አንጎል መሃል ያለው ታላመስና የላይኛው ቅርፊት እየተቀባበሉ መላውን ሰፈር ባንድ ጊዜ ያስነሡታል። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ ስለ አንድ የተበላሸ ቦታ ብቻ ሳይሆን ስለ መረብ ያወራሉ።

መንገዱ ምን ያህል እንደሚወስን በጉልህ ያሳየው ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ዊልያም ቫን ዋገነን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሁለቱን የአንጎል ንፍቆች የሚያገናኘውን ወፍራም የነርቭ ድልድይ፣ ኮርፐስ ካሎሰምን፣ በሚጥል በሽታ ታማሚዎች ላይ መቁረጡን አሳወቀ። ነፊው ከቦታው አልተነሣም፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። መድኃኒት እምቢ ብሏቸው ከቆሙበት በድንገት ለሚወድቁ ልጆች ዛሬም ይሠራል።

ትስስር ሁለት መልክ አለው። አንዱ የመዋቅር ትስስር ነው፤ ከቦታ ቦታ የተዘረጉት የነርቭ ክሮች ራሳቸው። ሌላው የተግባር ትስስር ነው፤ ሁለት ቦታዎች አብረው የሚነቁና አብረው የሚያርፉ መሆናቸው። ሁለተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ጎረቤቶች ሁልጊዜ ሌሊት በአሥር ሰዓት መብራት ቢያበሩ ተነጋግረው ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱንም የሚቀሰቅሳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሊሆን ይችላል።

ከማሽኑ በፊት መስፈርቱ

የመጀመሪያው መስፈርት ጥያቄው ነው። በእርግጥ የሚጥል በሽታ ነው? ከሆነስ የትኛው ዓይነት? ምክንያቱ ምንድን ነው? ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ከየት ይነሣል፣ ያ ቦታ ሲወጣስ ንግግሩ ወይም እጁ ይጎዳል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያዩ ምርመራዎችን ይጠራሉ። ሐኪምዎ ወረቀት ሲጽፍልዎ «ይህ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጣል ወይ? ምንም ቢወጣ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ያው ከሆነ ምርመራው ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛው የልጁ ዕድሜና ጠባይ ነው፤ ዝም ብሎ መተኛት የማይችል ልጅ የማስተኛ መድኃኒት ወይም ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያ ደግሞ የራሱ ወጪና አደጋ አለው። አራተኛው ጨረርና ሌላ ጉዳት ነው። የመጨረሻው ወጪና ርቀት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንባቢውን ነው። ማሽን አያነብም። በደንብ የተነሣ ፎቶ የሕፃናት አንጎል ማየት ያልለመደ ሰው እጅ ከገባ ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

ስልክዎ

ቀልድ አይደለም። ሲጥለው የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከሁሉም ምርመራ በፊት ይመጣል፤ ዋጋውም ምንም ነው። ፊቱም፣ ሁለቱ እጆቹና እግሮቹም ይታዩ፤ ብርድ ልብሱን ይግለጡ፤ ስሙን ጠርተው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ያሰሙ። መጀመሪያ የዞረው አንገቱ ወዴት ነው? የጀመረው እጅ የቱ ነው? ሐኪሙ ነፊው በየትኛው ወገን እንዳለ የሚገምተው ከዚህ ነው። ልጁን በጎኑ ማስተኛት ግን ከቀረጻው ይቀድማል። ክብሪት ጭሮ ማሽተቱም ይቅር፤ አያቆመውም፣ ማቃጠል ግን ያቃጥላል።

ኢኢጂ

ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 ከሰው ጭንቅላት ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመው። ሐሳቡ እስካሁን ያው ነው። ሃያ አንድ ያህል ኤሌክትሮዶች ተለክተው ጭንቅላት ላይ ይለጠፋሉ፤ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይመዘገባል። አያምም፣ ጨረር የለውም፣ ወደ አንጎል የሚያስገባው ነገርም የለም፤ ያዳምጣል እንጂ። ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት ፍጥነቱ ነው፤ የሰከንድን አንድ ሺህኛ ይለያል። መረቡ ሲነሣ በዓይን የሚታየው እዚህ ነው።

ድክመቱን ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ልጆች በመጀመሪያው ተራ ኢኢጂ ምልክት የሚገኘው ከግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። «ኢኢጂው ደህና ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም። በተቃራኒው፣ አንድም ቀን ጥሏቸው የማያውቁ ጥቂት ጤነኛ ልጆች ሹል ምልክት ያሳያሉ፤ ወረቀት አይታከምም፣ ልጅ ነው የሚታከመው። ቦታ በመለየትም ደካማ ነው፤ የራስ ቅል ሞገዱን ስለሚያሰፋው የአንድ ምንጭ ድምፅ በብዙ ኤሌክትሮዶች ይሰማል። ከተራ ኢኢጂ በኮምፒውተር ተሰልተው በቀለም የተሣሉ የትስስር ካርታዎችን በጥርጣሬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮዶች «ተገናኙ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሰሙት አንድን ጡሩንባ ነው።

የማግኘት ዕድሉን የሚጨምረው እንቅልፍ ነው። ብዙ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች፣ በተለይ ከአፍና ከፊት አካባቢ የሚነሣውና በጉርምስና የሚለቀው፣ ምልክታቸው ልጁ ሲያንቀላፋ ይበረታል። ስለዚህ ሌሊቱን አምሽቶ፣ ማለዳ ተነሥቶ እንዲመጣ ከተነገራችሁ በታክሲ ውስጥ አታስተኙት! ስንት ጊዜ ልጁ በእናቱ ጀርባ ጠግቦ ተኝቶ እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ንብ ንቁ ሆኖ አግኝቻለሁ።

ሌላው ፀጉር ነው። እናቶች ልጃቸውን ለሐኪም ቤት ሲያዘጋጁ ፀጉሯን አዲስ ሹሩባ ይሠሩላታል፣ ቅቤም ይቀቧታል። ኤሌክትሮድ ቅቤ ላይ አይጣበቅም፤ ሹሩባው ደግሞ የሚለጠፍበትን ቦታ ይዘጋል። አንድ ጊዜ አንዲት አያትና እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የልጅቷን ሹሩባ ስንፈታ ቆይተን ምርመራው ለማግስቱ ተላለፈ። ከመምጣታችሁ በፊት ፀጉሩ ይፈታ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ምንም አይቀባ። መድኃኒቱን ግን ሐኪሙ ሳያዝዝ እንዳታቋርጡ።

ቪዲዮ ኢኢጂ

ያው ኢኢጂ ነው፤ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ከካሜራ ጋር ይሠራል። ጥያቄው «ይህ በእርግጥ የሚጥል በሽታ ነው?» ሲሆን የሚተካከለው የለም። ሲያለቅስ ትንፋሹ ተይዞ የሚጠቁር ሕፃን፣ ቆሞ ራሱን የሚስት ጎረምሳ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ ልጅ፣ በጭንቀት የሚንቀጠቀጥ ተማሪ፤ እነዚህ ሁሉ የሚጥል በሽታ ሳይኖርባቸው ለዓመታት የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሲውጡ ይገኛሉ። ገደቡ ግልጽ ነው፤ በተቀረጸበት ጊዜ ካልጣለው ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። በወር አንዴ ለሚጥለው ልጅ አይመችም፤ በየቀኑ ለሚጥለው ግን ከየትኛውም ፎቶ እመርጠዋለሁ።

ሲቲ ስካን

ፈጣን ነው፤ ሕፃኑ ሳያለቅስ ያልቃል። በወደቀ፣ በደማ፣ በድንገት አንድ ጎኑ በሰነፈ ልጅ ላይ ሕይወት ያድናል። ኖራ የመሰለ ክምችትንም በደንብ ያያል፤ ለምሳሌ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ትቶት የሚሄደውን ጠባሳ። (የበሬ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ አንጎል አይገባም፤ ይህን የምለው ክትፎ የሚወዱ አባቶች ስለሚጠይቁኝ ነው።) ነገር ግን ጨረር አለው፣ ብዙ ልጆች ላይ መነሻ የሚሆኑትን ጥቃቅን የአንጎል ቅርፊት ጉድለቶች አያይም፣ ስለ ትስስር ደግሞ አንዳች አይናገርም። ድንገተኛ ካልሆነ ሁለተኛ ሲቲ ስካን የሚያስነሣ በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ኤምአርአይ

የምክንያት ጥያቄ ዋና መልስ ሰጪ ይህ ነው። በእርግዝና ጊዜ የተዛባ ቅርፊት፣ የጠበበና የጠነከረ ሂፖካምፐስ፣ ዕጢ፣ በወሊድ ጊዜ በአየር እጥረት የቀረ ጠባሳ ያሳያል። ጨረር የለውም። ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አለመንቀሳቀስን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንንሽ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ይደነዝዛሉ። የጥቂት ወራት ሕፃን ግን ጡት ጠግቦ፣ ተጠቅልሎ በራሱ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል፤ ይህን ጠይቁ።

ኤምአርአይ ሁሉ አንድ አይደለም። «የራስ ኤምአርአይ» ተብሎ በወፍራም ቁርጥራጭ የተነሣ ፎቶ ትንሿን ጉድለት ያልፋታል። የዓለም አቀፉ ፀረ የሚጥል በሽታ ሊግ በ2019 ያወጣው ምክር ቀጫጭንና ክፍተት አልባ ሆነው በሦስት አቅጣጫ ሊታዩ የሚችሉ ምስሎችን፣ በተጨማሪም ሂፖካምፐስን የሚያቋርጡ ዝርዝር ምስሎችን ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ «ለሚጥል በሽታ በተዘጋጀው አሠራር» ተብሎ ይጻፍላችሁ። ዕድሜም ይቆጠራል፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የነርቭ ክሮች ሽፋን ገና እየበሰለ ስለሆነ አንዳንድ የቅርፊት ጉድለት ይሰወራል። በአንድ ዓመቱ ጤናማ የተባለ ልጅ መጣሉ ካልቆመለት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እንደገና ማንሣት ተገቢ ነው።

የአንገት መስቀልና የብረት ማቀፊያ ያለው ክታብ ከክፍሉ ውጭ መቅረት አለበት። ክሩ፣ ማተቡ ራሱ፣ ብረት ከሌለበት ችግር የለውም፤ ለባለሙያው አሳዩት፤ ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ በር ላይ ይጨነቃሉ።

የትስስር ካርታ የሚሠሩት ኤምአርአዮች

አሁን ብዙ ሰው በስልክ አይቶ የሚጠይቀኝ ባለቀለም አንጎል ላይ ደረስን። ሁለት ናቸው።

ዲቲአይ የሚባለው የውኃ ሞለኪውሎች በነርቭ ክሮች ጎዳና ሲንሸራሸሩ እያየ የክሮቹን መስመር ይሥላል። ቀዶ ሐኪም የዕይታን ወይም የእጅን ክር ሳይነካ ቢላውን የት እንደሚያሳልፍ ሲያቅድ ወርቅ ነው። በጆሮ አቅጣጫ ባለው የአንጎል ክፍል ቀዶ ሕክምና ላይ የዕይታ ክር ከተነካ ልጁ በላይኛው ማዕዘን የሚመጣውን አያይም፤ ካርታው ይህን ለመከላከል ይረዳል። ግን ክሮች በሚተላለፉበት ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል፤ የሌለ መንገድ ይሥላል፣ ያለውን ይዘላል።

ሁለተኛው ተግባራዊ ኤምአርአይ ነው፤ የሚሠራ የአንጎል ክፍል የሚስበውን በኦክስጅን የበለጸገ ደም ይከታተላል። ልጁ ቃላት እያሰበ ሲነሣ ንግግሩ በየትኛው ንፍቅ እንዳለ ይታወቃል፤ በብዙ ማዕከላት አንዱን ንፍቅ በመርፌ ለጊዜው የሚያስተኛውን አሮጌውን የዋዳ ምርመራ ተክቷል። ልጁ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ሲነሣ ደግሞ የትኞቹ ክፍሎች አብረው እንደሚንቀሳቀሱ ይሰላል፤ ተመራማሪው ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ ይህን በ1995 ካሳዩ ወዲህ ስለ ልጆች የአንጎል መረብ የተጻፈው ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

ችግሩ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ። በ2012 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሚሊሜትር የማይሞላ የጭንቅላት መነቃነቅ የቅርብ ትስስርን ያለአግባብ ያበዛል፣ የሩቁን ያሳንሳል። ያልበሰለ የልጅ አንጎል መልክ ተብሎ ይጻፍ የነበረውም ይህንኑ ይመስል ነበር። ማደንዘዣም ትስስሩን ይለውጣል። ስለዚህ በመቶ ልጆች አማካይ ላይ የተገኘ ልዩነት የእርስዎን ልጅ አይመረምርም። ለአንድ ልጅ «ትስስሩ ደካማ ነው» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ መድኃኒቱን በምን እንደሚለውጠው ይጠይቁት።

የቀሩት

ፔት ስካን አንጎል ስኳር የሚጠቀምበትን መጠን ያያል፤ ሳይጥለው ሲነሣ መነሻው ቦታ ደክሞ ይታያል። ስፔክት የአንጎልን የደም ፍሰት ያያል፤ ልክ ሲጥለው በሴኮንዶች ውስጥ ጨረር ያለው መድኃኒት መውጋትን ይጠይቃል። ሁለቱም ጨረር አላቸው። ኤምኢጂ የአንጎልን መግነጢስ ያደምጣል፤ የራስ ቅል ስለማያደበዝዘው ከኢኢጂ የተሻለ ቦታ ይለያል፤ ነገር ግን የተለመደው ዓይነት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝና በልዩ ክፍል የሚቀመጥ ስለሆነ በዓለም ላይ ያሉት ማዕከላት ጥቂት ናቸው። የራስ ቅል ተበስቶ አንጎል ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሮድ፣ በፓሪስ ሐኪሞቹ ታላይራክና ባንኮ የጀመሩት፣ የቀዶ ሕክምና ውሳኔ ሲቀርብ ብቻ የሚደረግ ነው። እነዚህ በሙሉ አንድ ጥያቄን ያገለግላሉ፤ ቀዶ ሕክምናን።

| ምርመራ | የሚመልሰው ጥያቄ | ማደንዘዣ | ጨረር | ወጪ | ስለ ትስስር |
|---|---|---|---|---|---|
| የስልክ ቪዲዮ | ነው ወይስ አይደለም፣ በየት ወገን | የለም | የለም | የለም | የለም |
| ኢኢጂ ከእንቅልፍ ጋር | የትኛው ዓይነት | አልፎ አልፎ | የለም | ዝቅተኛ | ጊዜውን በደንብ፣ ቦታውን በጭላንጭል |
| ቪዲዮ ኢኢጂ | ነው ወይስ አይደለም | የለም | የለም | መካከለኛ | እንደ ኢኢጂ |
| ሲቲ ስካን | ድንገተኛ ጉዳት | ብዙ ጊዜ የለም | አለ | መካከለኛ | የለም |
| ኤምአርአይ | ምክንያቱ ምንድን ነው | ለትንንሽ ልጆች | የለም | ከፍተኛ | የለም |
| ዲቲአይ | ሲቆረጥ ምን ይጎዳል | ለትንንሽ ልጆች | የለም | ከፍተኛ | ክሮቹን |
| ተግባራዊ ኤምአርአይ | ንግግር የት አለ | ትብብር ይፈልጋል | የለም | ከፍተኛ | አብሮ መንቀሳቀስን |
| ፔት፣ ስፔክት | ከየት ይነሣል | ለትንንሽ ልጆች | አለ | በጣም ከፍተኛ | ጥቂት |
| ኤምኢጂ | ከየት ይነሣል | አልፎ አልፎ | የለም | በጣም ከፍተኛ | ጊዜውንም ቦታውንም |

እንደየሁኔታችሁ

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ሕፃን ነው። ከእንቅልፍ ሲነቃ ጭብጥ እያለ፣ አንገቱን እየደፋ፣ እጁን እየዘረጋ በተከታታይ የሚሰግድ የጥቂት ወራት ሕፃን ብዙ ጊዜ «ቁርጠት ነው» ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዌስት በገዛ ልጁ ላይ አይቶ በ1841 የጻፈው በሽታ ነው። ቀናት የአእምሮ ዕድገት ዋጋ አላቸው፤ ወረፋ አይጠበቅም፣ ቪዲዮውን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ኢኢጂ ይሠራለት። ኤምአርአይ ይከተላል።

እየፈዘዘ ለሚቀር፣ በትምህርቱና በዕድገቱ ደህና ለሆነ ልጅ ኢኢጂ ይበቃል። መልኩ ጥርት ያለ ከሆነ ኤምአርአይ አያስፈልግም፤ በእንቅልፍ አፉን ለሚጎትተው የትምህርት ቤት ልጅም እንዲሁ። በትኩሳት አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ተንቀጥቅጦ የዳነ የሁለት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም አንዱን አይፈልግም፤ የሚፈለገው የትኩሳቱ ምክንያት ነው።

በአንድ ጎኑ የሚጀምረው፣ አንድ እጁ የሚሰንፍ፣ ዕድገቱ ወደ ኋላ የሄደ ልጅ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል፤ ገንዘባችሁ ለአንድ ፎቶ ብቻ ከበቃ ሲቲውን ዝለሉና ለእሱ አስቀምጡ። በደንብ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው እምቢ ካሉ ደግሞ በሽታው መድኃኒትን የሚቋቋም ይባላል፤ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ እዚህ ይወድቃሉ። ዲቲአይ፣ ፔትና ኤምኢጂ ለእነዚህ ልጆች የተሠሩ ናቸው፤ ስለ ትስስር ካርታ መጠየቅ ያለባችሁም ያኔ ነው፤ ቀዶ ሕክምና በሚሠራ ቡድን እጅ። ውጭ አገር ልጁን ለማሳከም የምታስቡም መጀመሪያ ይህን ደረጃ ማለፋችሁን አረጋግጡ፤ በአውሮፕላን ትኬት የተሄደለትን ጥያቄ በእንቅልፍ የተሠራ ኢኢጂ እዚሁ ይመልሰው የነበረበት ጊዜ አለ።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ «ፎቶውን ላኩልኝ፣ ለሐኪም ላሳይ» ሲላችሁ ፊልሙን መስኮት ላይ ዘርግታችሁ በስልክ አታንሡ፤ ማንም ከዚያ ምንም አያነብም። ፎቶው ከተነሣበት ቦታ ሲዲውን ጠይቁ፤ ከኢኢጂም የታተመችውን አንዲት ገጽ ሳይሆን ሙሉ ቅጂውን። ሲጠየቅ የሚከለክል ክፍል እምብዛም ነው፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥም እንዲሁ።